ባሕር ዳርን ማን መረጠ?

እሑድ፣ ጥቅምት 2

ይህን ደብተር የገዛሁት የተማሪ ጥፋት ልመዘግብበት ነበር፤ የራሴ ቤት ቀደመ።

ነገሩን የጀመረችው አሰለፈች ናት። አሰለፈች እኛ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ የምታስተምር ናት። ክረምት ላይ ከባሏ ጋር ሐዋሳ ሄዳ ሁለት ቀን ተዝናንታ መጣች፤ ከዚያ ወዲህ ፎቶውን ያላየ ሰው ደብረ ታቦር ውስጥ የቀረ አይመስለኝም። ጀልባ ላይ፣ ዓሣ ፊት፣ ባሏ ትከሻ ላይ። ባለቤቴ እየሩስ ልብስ ሰፊ ናት፤ ለአሰለፈች ቀሚስ ስትለካ እሷም ጉዱን አየችው። እራት ላይ «እኛስ?» አለችኝ።

«እኛስ ምን?»

«ዘጠኝ ዓመት ተጋብተን አንድ ቀን እንኳ ሁለታችን ብቻ የትም ሄደን አናውቅም።»

እውነቷን ነው። ከዘጠኙ ሦስቱን ዓመት እሷ ኩዌት ነበረች፤ የቀረውን እኔ ትምህርት ቤት ነኝ። ልጅም እግዜር አልሰጠንም፤ ማን ይጠብቅልናል የምንለው ነገር የለም። እሺ አልኩ። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ በጾም እንዲህ ያለው ነገር አይታሰብም። ስለዚህ ከዚያ በፊት አንድ ቅዳሜና እሑድ። «ጎንደር ይሁን» አልኩ። «ጎንደር ይሁን» አለች።

አለቀ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን እየሩስ እንዲህ ቶሎ የተስማማችኝ መቼ ነው? ለመጋረጃ ቀለም ሁለት ሳምንት የተጨቃጨቅን ሰዎች እኮ ነን።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ተቀየረ! ጠዋት ጫማዬን ሳስር፣ «ጎንደሩ ይቅርና ባሕር ዳር ብንሄድስ?»

ለምን?

«እንዲሁ። ሐይቁ ደስ ይለኛል።»

እንዲሁ! አሥራ ስምንት ዓመት ፈተና ስፈትን ኖሬአለሁ፣ ስድስቱን በዩኒት ሊደርነት። ተማሪ የጻፈውን መልስ ድንገት ሲሰርዝ እሱን አላየውም፤ አጠገቡ የተቀመጠውን ነው የማየው።

ደወል ተደወለ። ቀሪውን በኋላ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

አጠገቧ የተቀመጠውን አገኘሁት።

ፈንታሁን መጥቶ ነበር። ፈንታሁን አንበሳሜ የሚኖር እህል ነጋዴ ነው። አብረን ተምረናል፣ ሠርጌ ላይም አንደኛ ሚዜዬ እሱ ነበር። ቅዳሜ ለገበያ ሲመጣ ቤት ጎራ ማለቱ ያለ ነው። የሌለው ነገር እኔ ስገባ ዝም ማለታቸው ነው። በሩን ከመክፈቴ በፊት ድምፁን በደንብ ሰምቻለሁ፤ «ከተማውን አንቺ ምረጪ፣ የሚመችሽን። እኔ እንደሆነ የትም ቢሆን እመጣለሁ።»

የትም ቢሆን እመጣለሁ! ምን ሊያደርግ?

«ይሼ፣ ጠፋህ እኮ» ብሎ አቀፈኝ። እሷ ዓይኗን ጠረገች። ሽንኩርት ስልጥ ነው አለች። ወጥ ቤት ገብቼ አየሁ፤ የተላጠ ሽንኩርት የለም።

እዚህ ላይ ለራሴ ላስታውስ። በእኛ በኩል ሚዜ የሙሽራው ጓደኛ ብቻ አይደለም። በሠርጉ ሰሞን ሽማግሌ ፊት ቆሞ ለሙሽራይቱ ወንድም ሊሆናት ይምላል። ፈንታሁንም ወንጌል ይዞ ምሏል፤ «ከዛሬ ጀምሮ እህቴ ናት፤ ቢከፋት ቤቴ ቤቷ ነው» ብሎ። ሴትዮዋ ባሏ ሲያስከፋት ለእናት ለአባቷ ከመንገሯ በፊት ለሚዜዋ ትነግራለች፤ እሱም እሷ ሳትፈቅድለት የሰማውን ለባልየው ትንፍሽ አይልም። ደግ ሥርዓት ነው፣ አልጠላውም። ግን ይሄ ለተከፋች ሴት ነው። እየሩስን ማን አስከፋት?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ስልኳን አልበረበርኩም። ጠረጴዛ ላይ ነበር፣ በራ፣ አየሁት። ከበራ በኋላ ትንሽ ወደ ታች ወረድኩ፤ ይኸው ነው። ፈንታሁን። ፈንታሁን። እናቷ። ፈንታሁን። ዘነበች (ክርና ቁልፍ የምታመጣላት)። ፈንታሁን።

በአንድ ሳምንት አራት ጊዜ። ለእኔ ስንቴ ደወለች? አንዴ። ስትመጣ ዘይት ይዘህ ና ብላ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

የስልኳን መክፈቻ ቀየረችው። ንጹሕ ሰው ምን ሊያደርግለት ይቀይራል?

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

መምህራን ክፍል። ምትኩ፣ የሒሳቡ፣ እንደ ልማዱ እየጮኸ፤ «ይሻው ሚስቱን ይዞ ባሕር ዳር ሊንሸራሸር ነው አሉ! ማን መረጠው? እሷ? ተውት ባካችሁ፣ ዐረብ አገር ደርሳ የመጣች ሴት ከተማ መምረጥ ታውቅበታለች!»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። አሁን ለምን እንደሳቅሁ አላውቅም። አሰለፈች ብቻ አልሳቀችም፤ ደብተሯን ሰብስባ ወጣች።

ቤት ስገባ አፌ አላርፍ አለኝ። ኩዌት ሳለሽ ዓርብ ዓርብ እረፍት ነበረሽ፣ የት ትውዪ ነበር አልኳት። የጠቀለለችውን እንጀራ መልሳ አስቀመጠችው።

«ስንት ጊዜ ልማልልህ፣ ይሻው?»

ስንት ጊዜ ትላለች! አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያስማልኳት፤ እንደ መጣች፣ የነፍስ አባታችን ቄስ ሙላቴ ፊት። የፋሲካ ዕለት ያስማልኳት እንደ መሐላ አይቆጠርም፤ ቤት ውስጥ ነው፣ እኛው ለእኛው። ቄስ ሙላቴ ያን ጊዜ «ልጄ፣ ከእንግዲህ ይህን ነገር አታንሳባት» ብለውኝ ነበር። አላነሳሁም። ጠየቅሁ እንጂ። መጠየቅ ኃጢአት ነው እንዴ?

እራቷን ሳትበላ ተኛች። ገብቼ ይቅርታ ልላት አሰብኩና፣ ይቅርታ ካልኩ የጠየቅሁት ሁሉ ከንቱ ሊሆን ነው ብዬ ተውኩት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ልፈትናት ብዬ ከተማ አማረጥኳት። ላሊበላ? «ሩቅ ነው፣ መንገዱም አያስተማምን።» አዲስ አበባ? «ለግርግር ነው ለእረፍት የምንሄደው?» ጎንደርስ እንደ መጀመሪያው? «አይ፣ ባሕር ዳሩ ይሻላል።» በመጨረሻ «እንግዲያው ጣራ ገዳም እንሂድ» አልኳት።

ትኩር ብላ አየችኝ። ከዚያ በሳቅ ፈረሰች። «ከሚስቱ ጋር ሊንሸራሸር ገዳም! መነኮሳቱ በመቋሚያ ነው የሚያባርሩን!» እኔም ሳቁ ተጋባብኝ። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። እሷ «አንተ ራስህ እዚያው ትቀራለህ፣ ጺምህ እንደሆነ ደርሷል» ብላ አገጬን ነካችኝ፤ እጇንም ቶሎ አላነሳችውም። ከኩዌት ከተመለሰች እንዲህ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም። ወይም ሰምቼ ልብ አላልኩ ይሆናል። አጠገቤ ተቀምጣ ናፈቀችኝ።

እሷ ገላዋን ልትታጠብ ስትገባ ግን ነገሩን መልሼ አሰብኩት። ላሊበላ አይሆንም። አዲስ አበባ አይሆንም። ጎንደር አይሆንም። አንበሳሜ ለየትኛው ነው የሚቀርበው? ካርታ አያስፈልገኝም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

የፈተና ሳምንት። ጊዜ የለም።

አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ መዳፏን ደጋግማ ስታይ ያዝኳት። ክፈቺ። አልከፍትም። ክፈቺ! እያለቀሰች ከፈተች። «ቅዱስ ጊዮርጊስ እርዳኝ» ይላል፣ ሌላ ምንም የለም። ለማንኛውም ስሟን መዘገብኩ። ክፍሉ በሙሉ አፍጥጦ ያየኝ ነበር።

እየሩስ ዛሬም ስልክ ይዛ ጓሮ ወጣች። ሃያ ደቂቃ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ቀን ተቆረጠ፤ ቅዳሜ ኅዳር 13፣ እሑድ በቅበላው ቀን እንመለሳለን። ሆቴሉንም እሷ ያዘች። ስሙን ሳልጠይቃት ነገረችኝ፤ ሐይቁ ዳር ነው፣ ግቢው ዛፍ አለው አለች።

በእረፍት ሰዓት ሆቴሉ ጋ ደወልኩ። ባሏ ነኝ አላልኩም፤ ወንድሟ ነኝ አልኩ። ልጅቷ ምስኪን፣ ሁሉን ነገረችኝ። ቅዳሜ አንድ ክፍል፣ ለባልና ሚስት። «እሑድ ጠዋት ደግሞ አቶ ፈንታሁን የሚባሉ እንግዳ ይመጣሉ ብላ ጸጥ ያለ ጠረጴዛ ጠይቃናለች፤ ለሦስት ሰው።»

ለሦስት! ሦስተኛው መሸፈኛ መሆኑ ነው፣ እኔ። ባሏን ይዛ፣ ባሏ ፊት! እንዲህ ያለ ድፍረት አይቼም ሰምቼም አላውቅ።

ሁለት ክፍለ ጊዜ አስተማርኩ። ምን እንዳስተማርኩ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ሰማያዊ ቀሚስ እየሰፋች ነው። ለራሷ። የሰው ልብስ ስትሰፋ ውላ ስትሰፋ ታድራለች እንጂ ለራሷ ክር አሳልፋ አታውቅም።

«ለማን ነው የምትሰፊው?»

«ለእኔ ነዋ። ለባሕር ዳር።» አንገቷ ላይ አድርጋ «እንዴት ነው?» አለችኝ።

አምሮባት ነበር፣ እግዜር ያውቃል። «ደህና ነው» አልኩ። ለእኔ ብላ ከሆነ ቀኑ ሲደርስ እነግራታለሁ፤ ለሌላ ከሆነ ደግሞ ምን አባቴ ቆርጦኝ ነው የማመሰግነው?

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ቆረጥኩ። ዛሬ ማታ፤ «ቅዳሜ የማካካሻ ትምህርት ገጥሞኛል። አንቺ ጠዋት ቅደሚ፣ እኔ ከሰዓት እደርስብሻለሁ።»

ማካካሻ የለም።

መርፌዋን አስቀመጠች። «እንግዲያው እኔም ልጠብቅህና ከሰዓት አብረን እንሂድ።» ክፍሉን ሰው ይይዘዋል አልኩ። «ይያዘው። አብረን እንሂድ፣ ይሻው። በማርያም! ይችን ብቻ እሺ በለኝ።»

እየሩስ ስትለምን አላውቃትም። ኩዌት ልትሄድ ስትነሳ እንኳ ነገረችኝ እንጂ አልለመነችኝም። እንዲህ የሚለምን ሰው የሆነ ነገር ቢኖርበት ነው። መዝግቤዋለሁ።

እምቢ ስላት «ግን ትመጣለህ?» አለች።

«እመጣለሁ አልኩሽ እኮ።»

«ማልልኝ።»

ኧረ ጉድ! እኔን! «እኔን ነው የምታስምዪኝ?» ብዬ ተነስቼ ወጣሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12፣ የሚካኤል ዕለት

ቤተ ክርስቲያን። ቄስ ሙላቴ መስቀል ካሳለሙኝ በኋላ እጄን ያዝ አድርገው «ነገ ትሄዳላችሁ አሉ። ደስ ብሏችሁ ሰንብቱ። ዓይንህ ደክሟል፣ ልጄ፤ ትንሽ አሳርፈው» አሉኝ። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ሰው ይገፋ ነበር፤ ተውኩት።

እሳቸውም ያውቃሉ ማለት ነው? ማን ነገራቸው?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። ሰማያዊውን እንዳይጨማደድ ክንዷ ላይ አጥፋ ይዛዋለች። በመስኮት «ደውልልኝ» አለችኝ። ሚኒባሱ እንደ ወጣ ቀጥሎ በሚወጣው ተሳፈርኩ።

ባሕር ዳር፣ ስምንት ሰዓት። ከሆቴሉ ፊት ለፊት ጭማቂ ቤት ነኝ። የሆቴሉ አጥር የሽቦ ነው፣ ግቢው ወለል ብሎ ይታያል።

ዘጠኝ ሰዓት። ወጣች። ሰማያዊውን ለብሳለች። ሁለት ወንበር ያለው ጠረጴዛ። ብቻዋን።

ዘጠኝ ከሃያ። ስልኬ ጠራ፣ እሷ ናት። አላነሳሁም።

ዘጠኝ ተኩል። ደግማ።

አሥር ሊሆን ነው። ሦስተኛ። አስተናጋጁ መጣ። ባዶውን ወንበር አሳይታ የሆነ ነገር አለችው፤ ሄደ።

አሥር ከሩብ። አራተኛ። ከዚያ ሌላ ሰው ጋ ደወለች። ተነሳላት። ታለቅሳለች። ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ይመጣል። አሁን ያዝኳችሁ!

አሥራ አንድ ተኩል። ባጃጅ። ወረደ። እሱ ነው እሱ ነው

እሑድ፣ ኅዳር 14

ሆቴሉ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ሁሉንም ልጻፈው፣ ሳላሳምር።

መንገዱን እንዴት እንዳቋረጥኩ አላውቅም። ፈንታሁን ገና አልተቀመጠም ነበር። «ሚዜነት ይሄ ነው?» አልኩ። ጮኼ መሰለኝ፣ ግቢው ሁሉ ዞረ። «ወንጌል ይዘህ የማልከው ለዚህ ነው? በቤቴ እየበላህ፣ በሚስቴ?»

ፈንታሁን አልተቆጣም። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ እሷ ዞሮ «ልንገረው?» አላት። እዚያ ላይ እንኳ ፈቃዷን ጠየቀ። ራሷን ነቀነቀችለት።

«መስከረም ላይ አንበሳሜ ድረስ መጣች» አለ። «ልፈታው ነው፣ ሽማግሌ ላክልኝ አለችኝ። በጥርጣሬ ገደለኝ፣ ከኩዌት ከተመለስኩ አንድ ቀን በሰላም አድሬ አላውቅም አለች። እኔ ነኝ የለመንኳት። ሽማግሌ ሳይገባ ሁለት ቀን ስጪው፣ ከቤታችሁም ከሰው ወሬም ራቅ ብላችሁ ሁለታችሁ ብቻ ሁኑ፣ እሑድ ጠዋት መጥቼ የሁለታችሁንም እሰማለሁ አልኳት። ጎንደርም ብትሆን እመጣ ነበር፤ መንገዱ እንዳያንገላታኝ ብላ ነው ባሕር ዳር ያደረገችው። ቅዳሜ የእናንተ ነበር፣ ይሻው። ዛሬ የመጣሁት ቀረብኝ ብላ ስላለቀሰች ነው።»

«ታዲያ ለምን ደበቃችሁኝ?» አልኩ፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ።

እየሩስ ናት የመለሰችልኝ። «ብነግርህ ታምነኝ ነበር?»

አሁንም ልዋሽ ነበር። ገና መድረሴ ነው፣ መኪና አስቸግሮኝ ነው ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ያን ጊዜ የጭማቂ ቤቷ ሴትዮ እያለከለኩ መጡ። «ጋሼ፣ ደብተርዎን ረስተውት! ከስምንት ሰዓት ጀምሮ እንዲያ ሲጽፉ ውለው፣ ያሳዝናል ብዬ ነው» አሉ። ደግ ሴት ናቸው። ለእየሩስ ሰጧት፣ እሷ ነበረች የምትቀርባቸው።

ተከፍቶ ነበር። የትናንቱን ገጽ አነበበችው። ዘጠኝ ከሃያ። ዘጠኝ ተኩል። አሥር ሊሆን ነው። ቶሎ አልጨረሰችም። እንደ ተማሪ ፊቷ ቆሜ ጠበቅኋት። ከዚያ ዘጋችውና መለሰችልኝ።

«አምስት ጊዜ ነው የደወልኩልህ» አለች። «አንዱ አልጠራ ይሆናል።»

አልጮኸችም። ዕቃዋን ይዛ ከፈንታሁን ጋር አንበሳሜ ሄደች፣ ሚስቱ አሰፋሽ ወዳለችበት። ቢከፋት ቤቴ ቤቷ ነው ብሎ ነበር፣ እኔው ፊት የማለው። ባጃጁ ላይ ስትወጣ ቀሚሱ አምሮብሻል ልላት ነበር። በዚያ ሰዓት!

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

አታነሳም።

ፈንታሁን ያነሳል። «ደህና ናት» ይለኛል፤ ሌላ አይጨምርም። ምትኩ «ሽርሽሩ እንዴት ነበር?» አለኝ፤ ጥሩ ነበር አልኩት።

የዘጠነኛ ክፍሏን ልጅ ስም ከመዝገቡ ሰረዝኩ። ጠርቼ ልነግራት ፈለግሁ፤ ስታየኝ ደነገጠችና ተውኩት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 27

ሽማግሌ ተቀመጠ። የስፌት መኪናዋን ትናንት አስጭናዋለች፤ ቤቱ ውስጥ የቆመበት ቦታ ላይ የክር ቁርጥራጭ ቀርቷል፣ አልጠረግሁትም።

ከእሷ ወገን ሁለት ሰዎች፣ ከእኔ ወገን አጎቴ፣ መካከል ቄስ ሙላቴ። ፈንታሁን በእሷ በኩል ተቀመጠ፣ እንደ ወንድም። እየሩስ ነጠላዋን አጣፍታ አንገቷን ደፍታ ነበር። ምን በደለሽ አሏት። ብዙ ትናገራለች ብዬ ፈርቼ ነበር። «ደክሞኛል» ብቻ አለች።

ወደ እኔ ዞሩ። አንተስ በምን ትከሳታለህ አሉኝ። ትናንት ይህን ደብተር ከመጀመሪያው ጀምሬ አንብቤዋለሁ፤ አንዲት የምናገራት ነገር ባገኝ ብዬ። ሽንኩርቱን አየሁ፣ ስልኩን አየሁ፣ ሃያ ደቂቃውን አየሁ። ፈንታሁንን ፊት ለፊቴ አድርጌ የትኛውን ላንሳ? ምንም የለኝም አልኩ።

አጎቴ ደንግጠው «ኧረ ተናገር! ያለ ነገር ነው እንዴ ተደብቀህ የጠበቅሃት?» አሉ።

ቄስ ሙላቴ እጃቸውን አንስተው አስቆሟቸው። ድምፃቸው ከወትሮው ዝቅ ብሎ ነበር።

«እስቲ ንገረኝ፣ ልጄ። መንገዱ ማዶ ተቀምጠህ ያን ሁሉ ሰዓት ስታያት ምን ታደርግ ነበር?»

«ትጠብቅ ነበር» አልኩ።

«ማንን?»

እየሩስ ቀና አለች። በሁለት ሳምንት ዓይኗን ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

«እኔን» አልኩ።

ከዚያ በኋላ የጠየቀኝ ሰው የለም።